ሃርድኮር «ጮክ ያለ ሜታል» አይደለም፤ እስቲ በደንብ እናውራበት

የጣና_ዳር_ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ታገሱኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የከረመ ነገር ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ጣና ዳር ቁጭ ብለን ነበር። ከዘጌ የመጣ ጀልባ ሰው እያወረደ ነው። ትንሿን ስፒከሬን አውጥቼ የምወደውን ከፈትኩ። አንዱ «ይሄን ሜታልህን ዝጋልን በናትህ» አለኝ። ሌላው «ሜታል አይደለም፣ ሮክ ነው» ብሎ አረመው። ሦስተኛው ደግሞ «ምን ልዩነት አለው፣ ሁሉም የሰይጣን ጩኸት ነው» አለና ወሬው እዚያው ላይ አለቀ። ስፒከሩን ዘጋሁት። የምመልሰው ጠፍቶኝ አይደለም። ብዙ ሆነብኝ፣ ከየት እንደምጀምር ጨነቀኝ። አሁን ልጀምር። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ስፒከሩ ላይ የነበረው ሜታል አልነበረም። ሃርድኮር ነው። ሙሉ ስሙ ሃርድኮር ፓንክ ነው፣ ከማን እንደተወለደም ስሙ ይናገራል። ፓንክ፣ ያ ቀላሉና ጥሬው ሮክ፣ ወለደው። ሜታልን የወለደው ሌላ ቤት ነው። ሁለቱ ሲያድጉ ጎረቤት ሆኑ፣ ዕቃ ተዋዋሱ፣ ኋላም ተጋብተው ልጆች ወለዱ። ሲወለዱ ግን ወንድማማች አልነበሩም።

የሜታልን ቤት የፈለገ በርሚንግሃም ይሂድ፣ እንግሊዝ አገር። የፋብሪካ ከተማ ናት። ቶኒ አዮሚ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ቆርቆሮ ፋብሪካ ውስጥ ሲሰራ ማሽኑ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ልጁ ግራኝ ስለሆነ የጊታሩን ክር የሚጫነው በዚሁ እጁ ነበር። በቃህ ሲባል አልሰማም። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሰራላቸው፣ ቀጫጭን ክር አስገባ፣ ቆየት ብሎም ጊታሩን አላልቶ ዝቅ አድርጎ ቃኘው። ድምፁ ወፈረ፣ ከበደ። የእሱ ባንድ ብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበሙን በ1970 አወጣ። ዛሬ ሜታል የምንለው ክብደት አንዱ ምንጩ የዚያ ልጅ የቆሰለ እጅ ነው።

ሃርድኮር የመጣው ከዚያ 10 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ። ካሊፎርኒያ ላይ ብላክ ፍላግ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ባድ ብሬንስና ማይነር ትሬት። ፓንኩን ወሰዱና አፈጠኑት፣ አሳጠሩት፣ ጌጡን አራገፉለት። አንዳንዱ ዘፈን 1 ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ረጅም የጊታር ሶሎ የለም። የጭራቅና የጦርነት ተረት የለም። የሚጮኸው ልጅ የሚናገረው ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ጓደኛው ክህደት፣ ስለ ራሱ ንዴት ነው። በ1981 ዲ.ኦ.ኤ. የተባለ የካናዳ ባንድ «ሃርድኮር 81» የሚል አልበም አወጣ፣ ስሙም ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ተሰማ።

ሰው ልዩነቱን ጩኸቱ ውስጥ ይፈልጋል። እዚያ ብቻ ከፈለጋችሁት አታገኙትም። ሁለቱም ይጮኻሉ፣ ሁለቱም ጊታሩን ያሻክሩታል። ለኔ ትልቁ ልዩነት አድማጩ የት ነው የቆመው የሚለው ነው። የሜታል ባንድ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚችለውን ያሳያል፣ ጣቱ እንዴት እንደሚሮጥ አይተህ ትደነቃለህ። ሃርድኮር ላይ መድረኩ ከጉልበት አይበልጥም፣ ብዙ ጊዜም ጭራሽ የለም። ድምፃዊው ማይኩን ወደ ሰዉ ይዘረጋል፣ ፊት የቆመው ልጅ ይነጥቀውና የቀረውን ግጥም እሱ ይጨርሳል። ቅድም አድማጭ የነበረው በሚቀጥለው ወር ከጓደኞቹ ጋር የራሱን ባንድ ይዞ ይመጣል። አዳራሹን የሚከራየው፣ ወረቀቱን የሚለጥፈው፣ ካሴቱን የሚያባዛው እሱ ነው። የማይነር ትሬቱ ኢያን ማካይ ከጓደኞቹ ጋር በ1980 ዲስኮርድ የሚባል የራሱን አሳታሚ ሲያቋቁም ገና 18 ዓመቱ ነበር።

በሉ፣ አሁን እናንተ።

ፖሊ_ሜታል · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:15

ወንድሜ፣ ስለ ሃርድኮር ያልከው ልክ ነው። ስለ ሜታል ያልከው ግን አሳዝኖኛል። «የጭራቅና የጦርነት ተረት» ብለህ አለፍከው። እኔ ሜታል የማዳምጠው ጣት ሲሮጥ ለማየት አይደለም። አንደኛ ዓመት ላይ አባቴን ያጣሁ ጊዜ፣ ዶርም ውስጥ ሌሎቹ ሲተኙ በጆሮ ማዳመጫ የምሰማው እሱን ነበር። ዝግ ያለ፣ ከባድ፣ 8 እና 9 ደቂቃ የሚሄድ ዘፈን። 1 ደቂቃ የሚሞላ ንዴት ለዚያ ሐዘን አይበቃም ነበር። ጊዜ ያስፈልገው ነበር።

ሌላም ልጨምር። ብላክ ሳባዝ በራሱ በባንዱ ስም የሰየመው የመጀመሪያ ዘፈን የቆመበት የድምፅ ክፍተት አለ፣ ፈረንጆቹ ትራይቶን የሚሉት። ለጆሮ የሚከብድ፣ ያልተፈታ ነገር ያለው። ያ ክፍተት እኛ አንቺሆዬ ቅኝት ውስጥም አለ። ክራር ያለው ሰው ይሞክረው። ስለዚህ «የማናውቀው ጩኸት» የሚለው ወሬ ሜታልም ላይ አይሰራም።

ደግሞ ሁለት ቤት ብለህ ግድግዳውን አወፈርከው። ሜታሊካ የእንግሊዞቹን የዲስቻርጅን ዘፈኖች ተጫውቷል። የሜታሉ ባንድ ስሌየር በ1996 አንድ አልበም ማለት ይቻላል ሙሉውን በፓንክና በሃርድኮር ባንዶች ዘፈኖች ነው የሞላው። የ1986ቱ አልበማቸው 10 ዘፈን ይዞ 29 ደቂቃ አይሞላም። ያን ፍጥነት ከየት አመጡት? ከናንተ ሰፈር ነው።

የጣና_ዳር_ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:32

ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። ስለ ሜታል በቸልታ ነው የጻፍኩት። ስለ አባትህ ያልከውን አንብቤ ትንሽ ዝም አልኩ፣ ነፍሱን ይማር። ዝግ ያለው ሜታል የሚሰራውን ሃርድኮር አይሰራም፣ ይህን አምናለሁ።

ስለ ግድግዳውም እውነት አለህ። የጋብቻው ዘመን 80ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ኒው ዮርክ ላይ አግኖስቲክ ፍሮንትና ክሮ-ማግስ የሜታል ጊታር አስገቡ። ዲ.አር.አይ. በ1987 አልበሙን ራሱን «ክሮስኦቨር» አለው፣ መሻገር እንደ ማለት። በፊት የሃርድኮር ልጅ ጸጉሩን ይላጫል፣ የሜታሉ ያሳድጋል፣ አንድ አዳራሽ ሲገናኙ ድብድብ ነበር። በኋላ አንድ ላይ መዝለል ጀመሩ።

ድራመሩ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ወንድም ዓለም፣ እኔ በድራም በኩል ልግባ። ማታ ማታ ባንድ ውስጥ ነው የምሰራው፣ እንጀራዬ ችክችካና ሬጌ ነው። ግን ይሄን ነገር እወደዋለሁ።

በቃል ከምታስረዱ ጠረጴዛ ላይ ሞክሩት። ቀኝ እግራችሁ «ዱም»፣ ግራ እጃችሁ «ታ»። ዱም-ታ-ዱም-ታ፣ እስኪደክማችሁ ፍጠኑ። ያ የሃርድኮር መሠረት ነው። ሌላ ምንም የለውም። አሁን ሁለተኛዋን ዱም እጥፍ አድርጓት፣ ዱም-ታ-ዱዱ-ታ። ዲ-ቢት ትባላለች። ዲዋ የመጣችው ፖሊ_ሜታል ከጠራው ከዲስቻርጅ ስም ነው፣ በ1982 ያወጡትን አልበም ስሙ፣ ዳር እስከ ዳር እሷ ናት። ፈረስ ሲጋልብ ይመስላል።

ወደ ሜታል ስትሄዱ ሁለቱም እግር ይሰራል። ሁለት ፔዳል፣ ሳያቋርጥ፣ እንደ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ። ለዚህ የዓመታት ልምምድ ይጠይቃል። እኔ እስካሁን ቀኝ እግሬ ይቀድማል። ሃርድኮሩን ግን ድራም በያዝኩ በሦስተኛው ወር ተጫውቼዋለሁ፣ ልክ እንደሚገባው ነበር የወጣው። ይህ ሃርድኮርን ማሳነስ አይደለም። ለጀማሪ በሩ ክፍት ነው ማለቴ ነው።

ከዚያ ደግሞ ብሬክዳውን የሚሉት አለ። ዘፈኑ እየሮጠ ድንገት ፍሬን ይይዛል። ፍጥነቱ ግማሽ ይሆናል። አዳራሹ ሙሉ የሚንቀጠቀጠው ያኔ ነው። ሰው «ይሄ ሜታል ነው» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሲሰማ ነው፣ ምክንያቱም ይከብዳል። ግን ከሃርድኮር አዳራሽ ነው ያደገው፣ እንቅስቃሴ የለመደ ሰው እንዲንቀሳቀስበት ነው የተሰራው።

ዲጄ_ፋሲሎ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

ቆይ ግራ ገባኝ። እኔ ሃርድኮር የማውቀው የሆላንዱን ነው። ጊታር የሚባል ነገር የለበትም። በኮምፒውተር የሚሰራ፣ ቡም ቡም ቡም የሚል፣ በደቂቃ ከ160 በላይ የሚመታ። ስለ የትኛው ነው የምታወሩት?

የጣና_ዳር_ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:26

ስም ተጋርተው ነው እንጂ አይተዋወቁም። ያንተው ጋበር የሚባለው ነው፣ 90ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሮተርዳም ከተማ ያደገ የቴክኖ ልጅ። ሃርድኮር የሚለው ቃል «ያልተበረዘ፣ የመጨረሻው ጠንካራ» ማለት ስለሆነ ሁሉም ለራሱ ይወስደዋል። ሃርድኮር ራፕም አለ። ስትፈልግ «ሃርድኮር ፓንክ» ብለህ ፈልግ፣ አለበለዚያ የማታስበው ነገር ይመጣብሃል።

እህተ_ጊዮርጊስ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:10

እንደምን አደራችሁ። እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት የማገለግል ነኝ። ጽሑፉን በሙሉ አነበብኩት፣ ለመከራከርም አይደለም የመጣሁት። ታናሽ ወንድሜ ይህን ሙዚቃ ይሰማል። እናቴ ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ መሀል ነኝ። ስለ ሰይጣኑ ወሬ ተነስቶ ሳይመለስ አለፈ። በውጭ አገር ቤተክርስቲያን ያቃጠሉ ሙዚቀኞች እንደነበሩ ሰምቻለሁ። ውሸት ነው? ውሸት ካልሆነ እኛ የደሴት ገዳማት ደጃፍ ላይ የምንኖር ሰዎች ብንፈራ ይፈረድብናል?

የጣና_ዳር_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:00

እህቴ፣ ጥሩ አድርገሽ ጠየቅሽ። አይፈረድባችሁም። እውነት ነው፣ ሆኗል። ኖርዌይ ውስጥ 90ዎቹ መጀመሪያ ላይ ብላክ ሜታል የሚባለውን የሚጫወቱ ጥቂት ወጣቶች ቤተክርስቲያን አቃጥለዋል። ሰኔ 1992 ፋንቶፍት የሚባል የጥንት የእንጨት ቤተክርስቲያን ወድሟል። ለዚህ ምንም ማስተባበያ የለኝም። ክብራን ገብርኤል ወይም ኡራ ኪዳነ ምሕረት ላይ እንዲህ ቢደረግ ምን እንደሚሰማኝ አስቤው አውቃለሁ።

ግን ያ ከብዙ የሜታል ዓይነቶች የአንዱ፣ የአንድ አገር፣ የአንድ ጓደኛማቾች ስብስብ ስራ ነው። ሃርድኮር ውስጥ የሰይጣን ወግ መሠረት የለውም። እንዲያውም ሃርድኮር ዲሲ ውስጥ ሲያድግ ለልጆች በሩን ከከፈቱ ቦታዎች መካከል የቤተክርስቲያን አዳራሾች ነበሩ። ብዙዎቹ ቡና ቤቶች መጠጥ ስለሚሸጡ ከዕድሜ በታች የሆነ አያስገቡም ነበር። አዳራሹ ግን ይቀበል ነበር።

አሁን የኔን እናት ልንገርሽ። አምና ክረምት ነው። መብራት ጠፍቶ ሳሎን ቁጭ ብለናል፣ ስልኬ ላይ ባድ ብሬንስን ከፍቻለሁ። በ1982 በካሴት ብቻ የወጣ ስራቸው ነው። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ፈጣኑ ዘፈን ሲመጣ «አይ ልጄ፣ ምን ነካህ» አለችና ቢላዋውን አስቀመጠች። ዘፈኑ አለቀ። ቀጥሎ የመጣው ሬጌ ነው፣ ዝግ ያለ፣ ልክ ዝናቡን የሚጠብቅ ይመስል። ቀና አለች። «ይሄ ደግሞ ሌላ ሰው ነው?» አለችኝ። «ራሳቸው ናቸው» አልኳት። ስልኩን ተቀበለችኝና ሽፋኑን አየችው። የአሜሪካ ምክር ቤት ጉልላት በመብረቅ ሲመታ የሚያሳይ ሥዕል ነው፣ ቀለሙ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። መነጽሯን ፈልጋ መጣች። «ይሄ የኛ ባንዲራ አይደል እንዴ?»

ነው። አራቱም ጥቁሮች ናቸው፣ ራስተፈሪያን ናቸው። ቀለሙንም ያመጡት ከዚህ ነው፣ ከጃንሆይና ከኢትዮጵያ ፍቅር። ሃርድኮርን ከፈጠሩት ባንዶች መካከል አንዱ፣ ብዙ ሰው ፈጣኑ የሚለው፣ የኛን ቀለም ለብሶ ነበር የሚጫወተው። ከዚያ በፊት ጃዝን ከሮክ የሚያቀላቅለው የጃዝ ፊውዥን ተጫዋቾች ነበሩ፣ ስለዚህ እጃቸው የሰለጠነ ነው። «የፈረንጅ እብደት» ለሚል ሁሉ የምመልሰው ይህን ነው። እናቴ አሁንም ፈጣኑን አትወደውም። ሬጌው ሲመጣ ግን ከጓዳ «አትዝጋው» ትለኛለች።

ዘጌ_ቡና · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:45

ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬ ገፋ ያለ ነው፣ ይህን ሙዚቃ ከናንተ ነው የሰማሁት። ግን የጣና_ዳር_ልጅ ማይኩን ስለመንጠቅ የጻፈው አንድ ነገር አስታወሰኝ።

አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ አይደል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይገዘግዛል፣ አንዱ ከጥግ ተነስቶ «ተቀበል!» ይላል። ግጥሙን ይሰጠዋል። አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። ግጥሙ የማን ሆነ? የሰጪውም የተቀባዩም። እዚያ ቤት ውስጥ ዝም ብሎ ተመልካች የሚባል የለም። ዝም ብትል ራስህ ግጥም ይወጣልሃል። እናንተ ሃርድኮር የምትሉት ቤት ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው የመሰለኝ።

ደግሞ ስለ ጩኸቱ። እኛ ጎጃሞች ጩኸት አናውቅም እንዴ? ቀረርቶ ድምፅ እየተሳበ ይዜማል። ፉከራ ግን ዜማ የለውም፣ በአንድ ትንፋሽ ይወረወራል፣ ደረት እየተመታ፣ ምድር እየተረገጠ። «ዘራፍ!» ሲባል ሰው የሰይጣን ነው አላለም። ልብ ነው የሚጮኸው።

የጣና_ዳር_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:20

ጋሼ፣ ይህን እኔ ሦስት ዓመት ፈልጌ ያጣሁት ማብራሪያ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሽለላንና ፓንክን ያገናኘም ሰው አለን። ጌታቸው መኩሪያ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተው። ዘ ኤክስ የሚባል ከ1979 ጀምሮ ያለ የሆላንድ ፓንክ ባንድ ሙዚቃውን ሰምቶ ፍለጋ መጣ። ጋበዙት፣ አብረው ተጫወቱ፣ በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የሚል አልበም አወጡ። ሽማግሌ የኢትዮጵያ ሳክስፎን ተጫዋች ከፓንክ ጊታሮች ፊት ቆሞ ሲሸልል ስሙት። የተገጣጠመ አይመስልም። ድሮም አንድ ላይ የነበረ ይመስላል።

ፖሊ_ሜታል · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:41

ለኛም ቤት አንድ አለን። ጃኖ ባንድ በ2012 ያወጣውን «ኤርታሌ» ያዘጋጀው ቢል ላዝዌል ነው። ይኸው ሰው በ1986 የሞተርሄድን አልበም ያዘጋጀ ነው። ሞተርሄድ ደግሞ ፓንኩም ሜታሉም እኩል የሚወዱት ባንድ ነው።

ድራመሩ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12:30

የልጅ ልጆቹን ማን ያስረዳ? ሜታልኮር፣ ዴዝኮር፣ ግራይንድኮር፣ ፖስት-ሃርድኮር። ሰው ሁሉንም «ኮር» ስላለበት አንድ ያደርጋቸዋል።

የጣና_ዳር_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:50

እሞክራለሁ። ዝርዝሩ አይደለም ቁም ነገሩ፣ ከየትኛው ወገን ደም እንደበዛበት ማወቅ ነው።

ሜታልኮር መጀመሪያ ላይ ሃርድኮር ነበር፣ የሜታል ጊታር የተበደረ። 90ዎቹ ውስጥ ኤርዝ ክራይሲስን፣ ኢንቴግሪቲን ስሙ። ሰዎቹም አዳራሹም ሃርድኮር ነው። ከ2000 ወዲህ በብዛት የምትሰሙት ግን ዘፈኑ ላይ ጣፋጭ ዜማ ያለው፣ ጊታሩ ከስዊድን ሜታል የተቀዳ ነው። ስሙ አንድ፣ ደሙ የተገለበጠ። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህ ነው፣ አንዱ የ1995ቱን እያሰበ ሌላው የ2005ቱን እያሰበ ይከራከራሉ። ኮንቨርጅ በ2001 ያወጣው አልበም መሀል ላይ ቆሞ ሁለቱንም ያስታርቃል፣ ለኔ እስካሁን የሚበልጠው የለም።

ዴዝኮር ይበልጡን የሜታል ልጅ ነው፣ ብሬክዳውኑን ነው ከኛ የወሰደው። ግራይንድኮር ደግሞ ከፓንክም ከሜታልም ጫፍ ጫፉን የወሰደ ነው። ናፓልም ዴዝ የተነሳው እዚያው በርሚንግሃም አካባቢ ነው፣ የሳባዝ አገር። በ1987 ባወጡት አልበም ላይ 1 ሰከንድ ከትንሽ የሆነ ዘፈን አለ፣ የዓለማችን አጭሩ ተብሎ ተመዝግቧል።

ፖስት-ሃርድኮር የሚባለው ንዴቱ ሲበርድ የመጣው ነው። 80ዎቹ አጋማሽ ላይ ዲሲ ውስጥ ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ የሚባሉ ልጆች ስለ ሐዘንና ስለ ጸጸት መጮህ ጀመሩ። «ኢሞ» የሚለው ስም የተነሳው በእነሱ አካባቢ ነው። ከዚያ ፉጋዚ የሚባለው ባንድ መጣ። መግቢያቸው አብዛኛውን ጊዜ 5 ዶላር ነበር፣ ትልቅ ሲሆኑም ዋጋውን ላለመጨመር ይታገሉ ነበር፣ ዕድሜውም ለሁሉም ክፍት። ሰው ሲጋፋና ሌላውን ሲጎዳ ዘፈኑን አቁመው ይገስጹ ነበር። «ሃርድኮር ማለት ድብድብ ነው» ለሚል ይህን ንገሩልኝ። አዳራሽ ውስጥ የወደቀ ሰው ካለ አጠገቡ ያለው ያነሳዋል፣ ያልተጻፈ ሕግ ነው። ሕጉን የሚጥስ የለም አልልም። አለ። ሕጉ ግን አለ።

የሃርድኮር ሰዎች ዘረኛ ናቸው የሚለው ወሬም እንዲሁ ነው። በዙሪያቸው ናዚዎች ነበሩ፣ እውነት ነው። ዴድ ኬኔዲስ የሚባለው ባንድ ደግሞ በ1981 ናዚ ፓንኮችን ከበር የሚያባርር ነጠላ ዘፈን አወጣ። ባድ ብሬንስን አስቡ። የብላክ ፍላግን ቤዝ ከ1983 እስከ 1985 የተጫወተችው ሴት ናት፣ ኪራ ሮስለር። ይህ ሁሉ በዚያው በመጀመሪያው ዘመን ነው።

ጨለማን_ያለፈ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:55

መጻፍ አልወድም፣ ሁሌ አንባቢ ነኝ። ግን አንድ ነገር ሳልል ይህ ውይይት ባይዘጋ ደስ ይለኛል።

ጫትና መጠጥ ካቆምኩ 8 ወር ሆነኝ። ፋሲሎ አካባቢ የሚያውቀኝ ያውቃል፣ ምን ሆኜ እንደነበር። ባቆምኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ፣ አንድ ልጅ የማይነር ትሬትን አጭር ዘፈን ላከልኝ። 1 ደቂቃ የማይሞላውን። እኔም እንዳንተ ሰው ነኝ፣ ግን ሱስ አያስፈልገኝም፣ የተሻለ የምሰራው አለኝ የሚል ነው። ሰባኪ አይደለም፣ አንድ ልጅ ስለ ራሱ ነው የሚናገረው። የማይጠጡ የሃርድኮር ልጆች እጃቸው ላይ ኤክስ (X) የሚያደርጉት ለምን እንደሆነ ያኔ አነበብኩ። በ1980 አንዳንድ ቡና ቤት ከዕድሜ በታች የሆኑትን ቢያስገባም መጠጥ እንዳይሸጥላቸው እጃቸው ላይ ምልክት ያደርግባቸው ነበር። ልጆቹ ምልክቱን ወሰዱት፣ በኋላም ራሳቸው ይስሉት ጀመር። መከልከያውን ኩራት አደረጉት።

እኔ ጓደኛ ያጣሁት መጠጥ ሳቆም ነው። ምክንያቱም ሌላ መገናኛ አልነበረንም። ይህ ሙዚቃ ሳይጠጡ መናደድ፣ ሳይጠጡ መዝለል እንደሚቻል ነገረኝ። ሰካራምና ሱሰኛ የሚሰማው ነው ሲባል ዝም ማለት አልችልም።

እህተ_ጊዮርጊስ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:12

እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ። ወንድሜ ማታ እጁ ላይ በእስክሪብቶ ኤክስ አድርጎ አይቼው ነበር። ሌላ ነገር መስሎኝ ደንግጬ ነበር። አልጠየቅኩትም። ነገ እጠይቀዋለሁ።

የጣና_ዳር_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:20

ጠይቂው። ደግሞ ይህን ንገሪው፣ ኤርዝ ክራይሲሶች መጠጥና ሲጋራ ብቻ ሳይሆን ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልም አይነኩም። እናትሽ የሑዳዴ ጾም ሽሮ ስታቀርብ ቤተኛ ነው የሚሆኑት።

ጨለማን_ያለፈ፣ ቅዳሜ ጣና ዳር ነን። ስፒከሩን ይዤ እመጣለሁ። ለስላሳና ሻይ ነው የሚጠጣው። ና።

የባጃጁ_ልጅ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:05

እኔ ቅዳሜ «ይሄን ሜታልህን ዝጋልን» ያልኩት ነኝ። ሊንኩን ሌላ ሰው ላከልኝ፣ አንተ አልላክህልኝም።

ዛሬ ጠዋት ፔዳ በር ላይ ተራ ይዤ ሁለት ሰው ጭኜ ሦስተኛውን ስጠብቅ ያን የማይነር ትሬቱን ከፈትኩት። ሦስተኛው ሰው ሳይመጣ አለቀ። ደገምኩት። አሁንም አልመጣም፣ አሁንም አለቀ። ከኋላ የተቀመጠችው ተማሪ «ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ።

«ሃርድኮር ነው» አልኳት። «ሜታል አይደለም።»

ቅዳሜ ስፒከሩን ቻርጅ አድርገህ ና፣ ባለፈው ባትሪው ቀይ እያሳየ ነበር።